ሱሉልታ ድርቆሽ ቤት የተቀዳው ሸክላ

ትናንት ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ ኦቦ ለሚ ደጅ አንድ አይሱዙ ሙሉ ድርቆሽ ተራገፈ። ኦቦ ለሚ እዚህ ቡራዩ ከእኔ ጋር አንድ አጥር ተካፍሎ የወተት ላሞች ያረባል። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ጎረቤት የሚያራግፈውን መቆጣጠር ስለሆነ ከዘራዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሽታው ግን ከእኔ ቀድሞ ደጄ ላይ ደርሶ ነበር። የኅዳር ፀሐይ ያደረቀው ሣር፣ ትንሽ ማር ማር የሚል፣ ትንሽ አቧራ አቧራ የሚል። አንዱን እስር አቅፌ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ ብቻ ኦቦ ለሚ አራጋፊዎቹን አስቁሞ፣ «ጋሽ ታዴ፣ ሐኪሙ ጨውና ሥጋ ይተው ሲልዎት መጨረሻው እዚህ እንደሚያደርስዎት አውቄ ነበር» አለኝ። «ከወደዱት አንዱን እስር ይውሰዱ፤ ለላሞቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሽማግሌ ድርቆሽ አቅፎ ሲገኝ ከመሳቅ በቀር ምን ያደርጋል? ገብቼ ለባለቤቴ ባወራላት፣ ድርቆሹስ ይሁን፣ ዓይንህ ለምን ቀላ አለችኝ። አቧራው ነው አልኳት። አላመነችኝም። እሷ ስንጋባም አላመነችኝም ነበር።

ለሌላው ሰው ድርቆሽ የላም ነው። ለእኔ የሙዚቃ ሽታ ነው። አንድ ሸክላ አለ፤ ዛሬ ወጣቶቹ በስልካቸው የሚቀባበሉት፣ ከውጭ የመጡ ሰዎች በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው የሚያፈላልጉት፣ ስሙ «ደበላና ባንዱ» የሚባል። የባንዱ መሪ ከበሮ መቺው ደበላ ነው። ሳክስፎኑን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለሰው ስናገር ግን ብዙ ጊዜ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱን ሸክላውን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን አጥብቃችሁ አትጠይቁኝ፤ ሱሪውን ልንገራችሁ። ሱሪ ከጉልበት በታች መስፋት የጀመረበት ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ለብሰው ያየሁትን ሰበታ ገበያ አጠገብ ለነበረ ልብስ ሰፊ አስረዳሁት። ሰውየው በጥሞና ሰማኝ፤ ግን ነገሩ ተገልብጦ ሳይገባው አልቀረም፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጥብቅ አድርጎ ሰጠኝ። ያን ዓመት ዘመናዊ ሙዚቃ የተጫወትኩት አያቴ ይለብሱት የነበረውን ዓይነት ተነፋነፍ ለብሼ ነው። ከላይ ቴትሮን ሸሚዝ፣ ከታች ሹልነቱ ሰው የሚወጋ ጫማ፣ ራሴ ላይ ዝንብ የሚያንሸራትት ቫዝሊን። ማኪያቶ በስሙኒ ነበር፤ ስሙኒውን የከፈለ ደግሞ ወንበሩን የገዛ ያህል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ቢያይ የሚነካው አልነበረም። ዛሬ ማኪያቶ አዝዤ ዋጋውን ስሰማ ወንበሩንም ቤት ይዤው መሄድ ያምረኛል።

እሑድ እሑድ ሰበታ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ የሚዘረጋ ሆቴል ነበር። ከአዲስ አበባ ጥንዶች በቮልስ እየመጡ ጥብስ ያዝዙና፣ ጥብሱ እስኪደርስ ይደንሳሉ፤ ከደረሰም በኋላ ይደንሳሉ። የምናስደንሳቸው እኛ ነን። ክፍሌ የሚባል የሰበታ ልጅ አኮርዲዮን ይጫወታል። አንድ ዝምተኛ ሰው ከራሱ የሚረዝም ቤዝ አቅፎ ይቆማል። እኔ ከቡራዩ ሳክስፎኔን ተሸክሜ እመጣለሁ። ከሁላችን ኋላ ደግሞ የሱሉልታው ደበላ ከከበሮዎቹ መሐል ተቀምጧል። ድራም የሚለው ቃል ገና ስላልተለመደ ዕቃውን ራሱን ጃዝ እንለው ነበር፤ እሱም ጃዝ መቺ ነው። እኔ ራሴን ሳክስ ነፊ ብዬ ሳስተዋውቅ ክፍሌ ከጎን ሆኖ፣ ታዴ ሳክሱን አይነፋውም፣ ሳክሱ ነው ታዴን የሚነፋው እያለ ያሳፍረኛል። ደበላ ግን በማንም አይቀልድም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲመታ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ዘፈን ሲያስጀምረን በእናቱ ቋንቋ ይቆጥራል፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። ኦሮምኛ የማይችለው ቤዝ ተጫዋቻችን እንኳ ሌላ ቦታ አንድ ሁለት ሦስት አራት ብለው ሲያስጀምሩት ግራ ይገባው ነበር። እሱ መግባት የሚያውቀው በአፉር ብቻ ነው።

ሸክላ ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ፒያሳ ወርዶ በየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ መቆም፣ ከበሩ በላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አዲስ የወጣውን ዘፈን እስኪደጋግሙት ሁለት ሦስቴ መስማት፣ ከዚያ እንደሚገዛ ሰው ገብቶ ሸክላውን አገላብጦ አይቶ ሳይገዙ መውጣት፣ የእኛ የቅዳሜ ሥራ ይህ ነበር። መሐሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። ዘፋኙ ካለ ባንዱ ከታች በደቃቅ ፊደል ይገባል፤ ካልተመቸም ይቀራል። የደበላ ከበሮ በብዙ ሸክላ ላይ አለ። ስሙ ግን በአንዱም ላይ የለም። እሱ ደግሞ ከዚህ ዓለም የፈለገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ዘፋኝ የሌለበት፣ ከበሮው የሚመራው፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ ሸክላ።

ለዚህ የሚለመኑት አቶ መኩሪያ ናቸው። ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ያላቸው፣ የሚቀዱት እሳቸው፣ የሚያሳትሙት እሳቸው፣ የሚሸጡትም እሳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ነጋዴ ናቸው። ደበላ ሐሳቡን በነገራቸው ቀን እኔም አብሬ ነበርኩ። «ልጄ፣ ከበሮ ወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው» አሉት። «ከሌለ ይታወቃል። ግን ጨውን ለብቻው የሚበላ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ደበላ አንገቱን ደፍቶ፣ «እስቲ አንድ ቀን ይቅመሱት፣ ጋሼ» አላቸው። ይቺን መልስ ሲያዘጋጅ ሳምንት እንደሰነበተ አውቃለሁ። አቶ መኩሪያ ሳቁና ተስማሙ። ስምምነቱ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ክር፣ አራት ዜማ። ከአራቱ ሁለቱ ከጣሟቸው በሸክላው በሁለቱ ፊት ያሳትሟቸዋል። ካልጣሟቸው ክሩን አጥፍተው ዘፋኝ ይቀዱበታል። የቴፕ ክር ውድ ነው፤ እንደ ሕፃን ዳይፐር ተጠቅመህ የምትጥለው አልነበረም። እርግጥ ያን ጊዜ የሕፃኑም ጨርቅ ታጥቦ ይለበስ ነበር።

አሁን ስለ ማይክሮፎን ልንገራችሁ፤ ያለዚህ ታሪኩ አይገባችሁም። ማይክሮፎኑ አንድ ነው። መሐል ይተከላል፣ የሁላችንም ድምፅ በእሱ ይገባል። ስለዚህ የድምፅህን ልክ የሚወስነው የቆምክበት ቦታ ነው። ዘፋኙ ማይኩን ሊስመው እስኪደርስ ይጠጋል፤ አኮርዲዮን ራቅ ይላል፤ ጃዝ መቺ ግድግዳ ይለጠፋል። እኔን አቶ መኩሪያ፣ አንተ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሜ ነፍቻለሁ። በፒያሳው ሱቅ ጓዳ ደበላ እንደልቡ ሲመታ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሸክላዎች ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በመስኮቱም የታክሲ ጡሩምባ ይገባል። ደበላ መላውን አመጣ። ሱሉልታ አባቴ ድርቆሽ ቤት አላቸው አለ። ኅዳር ስለሆነ እስከ ጣራው ሞልቷል፤ እዚያ ውስጥ ብትጮኹ ድምፃችሁ ከአፋችሁ አያልፍም። እንዴት አወቅክ ብንለው፣ ከበሮ የተማርኩት እዚያ ነዋ አለ። ልጅ ሳለ ያገኘውን ጣሳና በርሜል ሁሉ ሲመታ አባቱ፣ ይህን ጩኸት ከቤቴ አውጣ ብለው ወደዚያ ሰደዱት። ድርቆሹም ጩኸቱን ዋጠላቸው። አባትየው ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ሲመታ ሰምተው አያውቁም።

በእንጦጦ በኩል በአውቶቡስ ወጣን። ቤዙ እንደ ሰው ተከፍሎለት ወንበር ይዟል፤ ዝምተኛው ባለቤቱ ቆሞ ነው የተጓዘው። አቶ መኩሪያ በቮልሳቸው የቴፕ ማሽኑንና የመኪና ባትሪ ጭነው ተከተሉን፤ መብራት ገና እዚያ ሰፈር አልደረሰም። የሱሉልታ ሜዳ ያን ጊዜ እስከ ተራራው ሥር ሣር ብቻ ነው፤ የታጨደው ተከምሮ፣ ያልታጨደው ወርቅ መስሎ። ዛሬ ሄጄ ባየው ሜዳው አጥር በአጥር ሆኗል፤ ድርቆሽ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ብሎኬት ይመታል። የዚያን ቀን የሰማሁት የማጭድ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ በቀር ዝምታ።

የደበላ አባት ኦቦ ቶሎሳ ቁመታቸው አጭር ካፖርታቸው ረጅም፣ ሲራመዱ ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ የሚመስል ሰው ናቸው። አከም ቡልተን ብለው እያንዳንዳችንን በእጃቸው ጨበጡን። ልጃቸውን ግን በዓይናቸው ብቻ አዩት። በሁለቱ መካከል አንድ ነገር እንዳለ ለእንግዳም ይታወቅ ነበር። ደበላ በኋላ እንደነገረኝ፣ እሱ ከተማ ከገባ ወዲህ እርሻውን ረስቷል፣ እኛንም ረስቷል የሚል ቅሬታ አባቱ ልብ ውስጥ ተቀምጧል። ኦቦ ቶሎሳ ለአቶ መኩሪያ ቤቱ ቤታችሁ ነው አሏቸው። ቀጥለውም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ድርቆሽ ገዢ ይመጣል አሉ። ሁላችንም ሰማን፤ ማናችንም ልብ አላልነውም። ድርቆሽ ገዢና ሙዚቃ ምን ያገናኛቸዋል?

አቶ መኩሪያ ጃዙን ከቤቱ ጥግ አስቀምጠው፣ በእሱና በማይክሮፎኑ መካከል የድርቆሽ እስሮች እያስደረደሩ እስከ ደበላ ግንባር የሚደርስ አጥር ሠሩ። የባንዱ መሪ ከአጥሩ ኋላ ተሰወረ። የምናየው የተነሣ ክንዱን ብቻ ነው፤ ቶኮ ለማ ሲል ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጠራን ይመስላል። ክፍሌ፣ እንዲህ ያለ መሪ ያለው የእኛ ባንድ ብቻ ነው፣ እንደ ጨረቃ አንዳንዴ ይታያል አንዳንዴ አይታይም ብሎ አሳቀን። ደበላ ከአጥሩ ማዶ አልሳቀም። የራሱን ሸክላ ሊቀዳ መጥቶ ከሁሉ ያነሰ የሚሰማው እሱ እንዲሆን ተደርጎ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ቢል አጥሩ?» አለ። አቶ መኩሪያ የጆሮ ማዳመጫቸውን እየደፉ፣ «በጨው ላይ ጨው አይጨመርም» አሉት።

የመጀመሪያውን ዜማ ቀዳን። ከበሮው ሦስተኛ ቤት ውስጥ ሰው ሚስማር የሚመታ ያህል ነበር የሚሰማው። ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል ውጭ የጭነት መኪና ሞተር አጓራ። ገዢው ደረሰ። ኦቦ ቶሎሳ በራቸውን ከፍተው ገቡና ያለምንም ችግር ድርቆሻቸውን ማውጣት ጀመሩ። አቶ መኩሪያ እጃቸውን አነሡ፤ ኦቦ ቶሎሳም ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አነሡ። በኋላ ተግባቡ። ስንጫወት አይገቡም፣ ስናርፍ ያወጣሉ። ታዲያ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ያወጣሉ ስንል ከኋላ ከተከመረው የሚያወጡ መስሎን ነበር። ሰውየው ግን ወገባቸውን የሚወዱ ገበሬ ናቸው። ለበሩ ቀርቦ፣ ተቆጥሮ የተደረደረ፣ ለማንሣት የተመቸ ድርቆሽ እያለ ክምር ለምን ይወጣሉ? እኛ ላባችንን ልንጠርግ፣ አቶ መኩሪያ ባትሪያቸውን ሊያዩ በወጣን ቁጥር ከአጥሩ አንድ ረድፍ ይሸጣል። በሁለተኛው ዜማ የደበላ ግንባር ታየ። በሦስተኛው አፍንጫው ደረሰ። አቶ መኩሪያ ጆሯቸውን ስለደፈኑ ዓይናቸውንም ደፍነውት ነበር መሰለኝ፣ ማሽኑን እንጂ አጥሩን አላዩም። ከሦስተኛው በኋላ መኪናው የታዘዘውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከአጥሩ የቀረው ደረት ላይ የሚደርስ ብቻ ነው።

አራተኛው ዜማ የደበላ የራሱ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ምቱ ነው። ገሰገስ፣ ገሰገስ እያለ ሄዶ አራተኛዋ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ አንዱ እግሩ ከሌሎቹ የሚያንስ ጠረጴዛ ዓይነት። ስንለማመደው እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ እወድቅ ነበር። አቶ መኩሪያ አንዴ ሰምተው አስቆሙት። ይሄ ምት ያነክሳል አሉ። ሰው ሊደንስበት አይችልም፣ አቅናው። ደበላ አይቀናም አለ። እንዴት አይቀናም? እንዲህ ነው የሚሄደው፣ አለ። ከደበላ አፍ እንዲህ ያለ እምቢታ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳክሴን ከአፌ አወረድኩ። አቶ መኩሪያ ሰዓታቸውን አዩ፣ ባትሪውን አዩ፤ እሺ እንደፈለግህ፣ ክሩ እንደሆነ ጠፊ ነው ብለው ቁልፉን ተጫኑ።

ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር።

ጀመርን። እኔ ፊቴ ወደ በሩ ስለነበር ያየሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ቶሎሳ ደጅ ቆመው ጭዱን ከካፖርታቸው ያራግፉ ነበር። ምቱ እንደተጀመረ እጃቸው ቀጥ አለ። ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንደሚጠብቅ ሆነው ቆዩ። ከዚያ ገቡ። ስንጫወት አልገባም ያሉት ሰውዬ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ገብተው ከአጥሩ አንድ እስር አነሡና ይዘው ወጡ። አቶ መኩሪያ ከማሽኑ ኋላ ሆነው በሁለት እጃቸው ይማጸናሉ፤ መናገር አይችሉም፣ ክሩ ይሄዳል። እኛም ማቆም አንችልም፣ ክሩ ይሄዳል። ኦቦ ቶሎሳ ተመልሰው ሌላ አነሡ። እንደገና ሌላ። መኪናው የለም፣ ገዢው የለም፤ እስሩን በሩ አጠገብ እያስቀመጡ ይመለሳሉ። በእያንዳንዱ እስር ከበሮው አንድ እርምጃ ወደኛ ይቀርባል። መጀመሪያ ደረቱ፣ ከዚያ ክንዶቹ፣ ከዚያ ከበሮዎቹ ታዩ። በመጨረሻ ደበላ ሙሉ ለሙሉ ከፊታችን ነበር፤ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፣ ማን አጥሩን እንደሚያፈርስለት አላየም። የሚከልለው አጥር ስላልነበረ ያ ምት ቤቱን እስከ ጣራው ሞላው። የእኔ ሳክስም አብሮ ተሰማ። እሱስ ባይሰማ ይሻል ነበር።

ባለፈው ዓመት ጆሮው ላይ ማዳመጫ የማይለየው አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለዚህ ዜማ ጠየቀኝ። አባባ፣ ከበሮው ከሩቅ ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚቀርበው እንዴት ነው፣ በዚያ ዘመን ድምፅ ቀስ በቀስ የሚያጎላ ማሽን ነበራችሁ ወይ አለኝ። ነበረን አልኩት። ስሙ ማን ይባላል? ኦቦ ቶሎሳ ይባላል አልኩት። ጻፈው።

ዜማው እንዳለቀ አቶ መኩሪያ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ወደ ውጭ ሮጡ። ኦቦ ቶሎሳ በራሳቸው እስሮች ላይ ተቀምጠዋል። የመንደሩ ሰው፣ አጫጆቹም ሳይቀሩ፣ መንሻቸውን እንደያዙ በሩን ከበው ቆመዋል።

«ኦቦ፣ አጠፉኝ» አሉ አቶ መኩሪያ። «ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል። እንደገና እንቀዳዋለን፤ ድርቆሹን ይመልሱልን።»

«ተሽጧል» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«የተቀመጡበት?»

«አዎ።»

«መኪናው እኮ ሄዷል። ለማን ነው የተሸጠው?»

ኦቦ ቶሎሳ ተደላድለው ተቀመጡ። «ለኔ» አሉ።

 የሰው ድርቆሽ፣ የሰው ቤት፣ የሰው መቀመጫ። አቶ መኩሪያ ተበሳጭተው ገቡና ቢያንስ ልስማው ብለው ክሩን ከመጀመሪያው ከፈቱት። እኛ ጥግ ጥጋችንን ይዘን ቆምን። ደበላ ዱላዎቹን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል፤ ያቺ የመቅጃ ቁልፍ እንደገና ብትጫን ዕድሜውን የተመኘው ይጠፋል። አቶ መኩሪያ ግን ነጋዴ ናቸው አላልኳችሁም? ነጋዴ በጆሮው አይሰማም። ዓይናቸውን ከማሽኑ አነሡና በሩ ላይ የቆመውን ሰው ማየት ጀመሩ። ፊቱን አላዩም፤ እግሩን ነው ያዩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜማዎች ሲሰሙ ሐውልት ሆኖ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ያነክሳል በተባለው ምት እግሩ ተይዟል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሳትቀር መንሻዋን ተመርኩዛ ትከሻዋን ታወዛውዛለች። ያቺ የምትዘገየው ምት ስትደርስ ሁሉም አብረው ይዘገያሉ፣ ከዚያ አብረው ይነሣሉ።  አቶ መኩሪያ ክሩ ሲያልቅ አወጡት፣ በካርቶኑ ውስጥ ከተቱት፣ ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ደበላን፣ «የአባትህን ስም ልጨምርበት ወይስ ደበላ ብቻ ይበቃል?» አሉት።

ደበላ ወደ ጎኑ ዞረ።  አባቱ መጥተው አጠገቡ ቆመው ነበር።

«ዳማ ነው፣ አይደል?» አሉት ልጃቸውን።

«አዎ፣ አባ።»

«የኋላ ግራ እግሩ?»

«ትዘገያለች። ገደሉ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ።»

ዳማ የሚሉት ፈረስ ነው። ደበላን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ በስተርጅናው የሚያነክስ ፈረስ። የሞተ ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ ከተማ ድረስ ልከውበት ነበር፤ መልእክቱ ደበላ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው፣ ሲደርስ ፈረሱ ከተቀበረ ቆይቷል። ደበላ አልመጣም። አባትየው ያን ያህል ዘመን በልባቸው የያዙት ይህንን ነበር። አሁን የልጃቸውን ፊት እያዩ፣ «እኔ እኮ አንተ ረስተኸው...» አሉና ቀሪውን ተዉት። ጭድ ከትከሻው ላይ አራገፉለት። ብዙ ጭድ አልነበረበትም፤ እሳቸው ግን ብዙ አራገፉ። እኔና ክፍሌ ቤዙን ለማውጣት ስንረዳ በሩ ላይ ሦስቴ አጋጨነው፤ ወደ ኋላ ላለማየት ነው።

ሸክላው የወጣው ከገና በፊት ነው። ክብ ወረቀቱ አረንጓዴ፣ ስሙ በጥቁር፣ ደበላና ባንዱ። በአንዱ ፊት የመጀመሪያው ዜማ፣ በሌላው አራተኛው። አቶ መኩሪያ ከደጃፋቸው በላይ ባለው ድምፅ ማጉያ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሲያሰሙት እኔና ክፍሌ ከመንገዱ ማዶ ቆመን የሚገዛውን ሰው መልክ አጠናን። ሰዉ ስለ ከበሮው ሲጠይቅ እንጂ ስለ ሳክስፎኑ ሲጠይቅ አልሰማንም። ከዚያ በኋላ ደበላ ሌሎች ሸክላዎችም በስሙ ቀድቷል፤ በተሻለ ማሽን፣ በተሻለ ቤት፣ ከእኔ በተሻለ ነፊ። ዘመኑ ሲገለባበጥ ሰው ሁሉ እንደ ድርቆሽ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ስለዚያ ሌላ ሰው ይጻፍ። ደበላም አሁን የለም። እኔ የምጽፈው ያቺን አንዲት ከሰዓት ነው፤ ሸክላውን ይዘን ለአባቱ ልናሰማ የሄድንባትን።

አቶ መኩሪያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ አዋሱን። ኦቦ ቶሎሳ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሸክላውን ተቀበሉ። በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፣ ቀዳዳውን በብርሃን አሾልከው አዩ፣ ከዚያ ማጫወቻው የሰው ዕቃ ነውና ወድቆ እንዳይሰበር ፈርተው መሬት ላይ አስቀመጡት። ደበላ የመጀመሪያውን ፊት አስጀመረ። አኮርዲዮኑ ወጣ፣ ሳክሱ ወጣ። አባትየው ትንሽ ሰሙና፣ «ያ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ የማን ነው?» አሉ። ደበላ ወደ እኔ አመለከተ። ኦቦ ቶሎሳ በሐዘን አዩኝና ተጨማሪ ቅቤ በምግቤ ላይ አስጨመሩልኝ። ዜማው ሲያልቅ ልጃቸውን፣ «እዚህ ላይ ደጅ ነህ» አሉት። ደበላ ሸክላውን ገለበጠ።

አራተኛው ዜማ ተጀመረ። ከበሮው ከሩቅ ተነሣ፤ አንድ እስር፣ ሌላ እስር፣ እየቀረበ መጣ። ኦቦ ቶሎሳ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዘው ሰሙ። ከበሮው ያቺን ጠባብ ቤት ሙሉ በሙሉ ሲሞላት፣ «ገሌ» አሉ በኦሮምኛ፤ ቤቱ ገባ ማለታቸው ነው። ሲያልቅ ድገመው አሉት። ደገመው። ድገመው አሉት። የባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ሄደ፤ ዜማውም አብሮ ከበደ። የእኔ ሳክስ ጥጃነቱን ትቶ በሬ ሆነ፣ ከበሮውም ከሶምሶማ ወደ ዝግታ ወረደ። ደበላ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ አባቱ እጁን ያዙት።

«ተወው፣ ደክሞታል» አሉ። «ራሱ ይቁም።»

ዳማ በዚያች ቤት ውስጥ እርምጃ በእርምጃ ቀዘቀዘ፤ የኋላ ግራ እግሩን እያዘገየ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከቆመም በኋላ ኦቦ ቶሎሳ የልጃቸውን እጅ አልለቀቁም።